ወንድሜ ከአንጎል ጉዳት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊመለስ ነው፤ ክፍል መግባት ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

እህት ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። ሦስተኛ ዓመት እንደጀመረ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታ። በቀዶ ሕክምና የተጠራቀመው ደም ወጣለት፤ ብዙ ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ ነቃ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ይራመዳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ሊጠይቀው የመጣ ሰው ሁሉ «ምንም አልሆነም እኮ» ብሎ ይሄዳል።

አብረነው የምንኖረው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ዘይትና ሽንኩርት እንዲያመጣ ሱቅ ስንልከው ዘይቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። አንድ ገጽ አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዳነበበ ይጠፋውና እንደገና ከላይ ይጀምራል። ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሰው የሚያወራ ከሆነማ ጭራሽ ማሰብ አይችልም፤ ይቆጣል ወይም ተነሥቶ ይወጣል። ከአደጋው በፊት ቤታችን ውስጥ እንደ እሱ ትዕግሥተኛ ሰው አልነበረም።

ግራ ያጋባኝ ደግሞ ይህ ነው። አጎታችን ሊፈትነው ብሎ የሁለተኛ ዓመት ደብተሩን ገለጠና ሸክም ስለተጫነበት ቢም (አግድም ምሰሶ) አንድ ጥያቄ ሰጠው። ቁጭ ብሎ ሠራው፤ ሥዕሉንም አሳምሮ አወጣው። አጎቴ በዚያው ቀን «ልጁ ድኗል። ቤት አስቀምጣችሁ አታደንዝዙት፤ ክፍል ሲገባ አእምሮው ይከፈታል» አለ። እናቴ በበኩሏ «አንድ ዓመት ይረፍ፣ ጠበሉንም ይጠመቅ፤ ትምህርት የትም አይሄድም» ትላለች። እሱ ራሱ መመለስ ይፈልጋል፤ ጓደኞቹ ጥለውት መሄዳቸው ያንገበግበዋል። ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ስለወጣ ሬጅስትራሩ የመመለሻ ማመልከቻ የሚቀበልበት ጊዜም ደርሷል።

እንዲህ ያለ ጉዳት ደርሶበት ወደ ትምህርት የተመለሰ ሰው አለ? ክፍል መግባቱ ማሰብን ይመልሳል ወይስ በደከመ አንጎል ላይ ሸክም ይጨምራል? ከልባችሁ ምከሩኝ።


የኬሚስትሪ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ማለፍ አልሆነልኝም፤ የእኔም ታሪክ ነውና። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገድ ስሻገር ሚኒባስ ገጭቶኝ የአንጎሌ የፊተኛው ክፍል ተጎዳ። ከአጎትሽ ፈተና ልጀምር፤ ከጻፍሽው ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ወንድምሽ የሠራው ጥያቄ ከአደጋው በፊት የተማረውን ነው። እኔም ከሆስፒታል እንደወጣሁ ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም ያሉትን 20 ንጥረ ነገሮች በተርታ እጠራ ነበር። የሰልፈሪክ አሲድ ሞላር ክብደት 98 ግራም መሆኑን ለመናገር ወረቀት አያሻኝም ነበር። ሊጠይቀኝ የመጣው ባልደረባ ሁሉ ተደስቶ ይመለሳል። አንጎል ሲጎዳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ቀድሞ በደንብ የሠረፀው እውቀት ነው። የሚታወከው አዲስ ነገር ተቀብሎ ማቆየት፣ ሁለት ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ በሐሳብ ይዞ መሥራት፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር ነው። የድሮው እውቀት ጉዳቱን ይሸፍነዋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ደግሞ የሚጠብቀው አዲስ ትምህርት ነው፤ ያውም በጥድፊያ የሚሰጥ።

ይህን የተረዳሁት ክፍል ገብቼ ነው። ወደ ማስተማር ከመመለሴ በፊት ርእሰ መምህሩ ፈቅዶልኝ እንደ ተማሪ ክፍል ውስጥ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የገባሁት አብራኝ የምትሠራ የኬሚስትሪ መምህርት ክፍል ነው። ሁሉንም ተከታተልኩ፤ የከበደኝ ነገር አልነበረም፤ የምትለውን ከመናገሯ በፊት አውቀው ነበርና። ቀጥዬ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ገባሁ። እውነቱ የወጣው እዚያ ነው።

መምህሩ መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ እንደምትዞር፣ ይህም በየሰዓቱ 15 ዲግሪ እንደሚሆን አስረዳ። ከዚያ «ግሪኒች ላይ ቀትር ሲሆን በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ያለች ከተማ ስንት ሰዓት ይሆናል?» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። 45 ለ15 ሲካፈል 3 መሆኑን ወዲያው አገኘሁ። እዚያው ላይ ቆምኩ። 3 ምን? ዲግሪ ነው ሰዓት? ይደመራል ይቀነሳል? ከተማዋ በምሥራቅ ነበረች በምዕራብ? ቀና ብዬ ጥያቄውን ሳነብ 3 ይጠፋኛል፤ 3ን ፍለጋ ወደ ደብተሬ ስመለስ ጥያቄው ይጠፋኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄዳለች። ማካፈሉ አልጠፋብኝም። የጠፋብኝ ያገኘሁትን ይዤ ወደሚቀጥለው እርምጃ መሄድ ነው። ወንድምሽም ዘይቱን ይዞ ሽንኩርቱን የሚረሳው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ስንፍናም ግዴለሽነትም አይደለም፤ እባካችሁ አትቆጡት።

መውጫ ያገኘሁት ተማሪዎቼን ለዓመታት ሳስገድድበት በኖርኩት ዘዴ ነው። የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ መፍትሔ። ወንድምሽም ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሲጽፈው የኖረ ነው። በፊት ጥያቄው ቀላል ሲሆን ሁላችንም እንዘለዋለን፤ አሁን አንዱም አይዘለልም። «የተሰጠ፦ ግሪኒች 6 ሰዓት፣ 45 ዲግሪ ምሥራቅ። የሚፈለግ፦ የከተማዋ ሰዓት። ምሥራቅ ስለሆነ ይደመራል።» ይህ ከተጻፈ በኋላ 3 የትም አይሄድም፤ 6 ላይ ተደምሮ 9 ይሆናል። ከስሌት ውጭም ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ስምጥ ሸለቆ አንድ አንቀጽ ከማንበቤ በፊት «የሚፈለግ፦ መሬቱ ለምን ተሰነጠቀ?» ብዬ እጽፋለሁ፤ እያነበብኩ ሐሳቤ ሲሸሽ ዓይኔ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ያለ ጥያቄ ማንበብ ለእኔ ገጽ መግለጥ ብቻ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው፤ ክፍል ይጠቅማል። ቤት መቀመጥ ማሰብን አይመልስም። ክፍል የተወሰነ ሰዓት አለው፤ በሌላ ሰው ፍጥነት እንድትሄጂ ያስገድዳል፤ ድንገት ተነሥተሽ ትጠየቂያለሽ፤ የዛሬው ትምህርት በትናንቱ ላይ ይቆማል። ቤት ውስጥ እነዚህን አራቱን የሚሰጥሽ የለም። የሚጎዳው ሙሉ የሴሚስተር ኮርስ በአንድ ጊዜ መጫን ነው። እኔ የጀመርኩት በቀን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በ40 ደቂቃ ነው። ከዚያ ወጥቼ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እተኛለሁ፤ ድካሙ ከእንቅልፍ ማጣት ድካም ጋር አይመሳሰልም፤ ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ወደ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያሳደግኩት አንዱ ሳያስተኛኝ መዋል ስጀምር ነው።

አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። ከፊት፣ በግድግዳው በኩል ይቀመጥ። ከኋላ ከሆነ የሚንቀሳቀስ ጭንቅላት ሁሉ ሐሳቡን ይወስድበታል፤ መስኮትና በር አጠገብ ደግሞ የባሰ ነው። መምህሩ እየጻፈ ሲናገር መገልበጥና ማዳመጥ አብረው አይሄዱም፤ እኔ ማዳመጡን መርጬ ማስታወሻውን አጠገቤ ከነበረችው ልጅ ደብተር እገለብጥ ነበር። ስትሰጠኝ «ቲቸር፣ ይህችን ያስተውሏት» እያለች ከባዱን ቦታ በጣቷ ታሳየኝ ነበር። የዚያች ልጅ ውለታ አለብኝ።

አሁን ስለ ፈተናው። አጎትሽ የገለጠውን ደብተር ተዉትና ወንድምሽ ተምሮት የማያውቀውን ትምህርት ስጡት። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለነበረ የአሥራ አንደኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ይሆናል። ጸጥ ባለ ክፍል ሁለት ገጽ ያንብብ፤ መጽሐፉን ዘግቶ ይንገርሽ። በማግሥቱ ሳያነብ ደግሞ ይንገርሽ። ከዚያ ያንኑ ያህል ቴሌቪዥን ተከፍቶ ይሞክር። ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚጠብቀው ከማንም ምክር በላይ ይህ ይነግራችኋል።


ነርስ፣ ጎንደር

መምህርት የጻፉት ልክ ነው። እኔ ከሕክምናው በኩል ጥቂት ልጨምር።

እህቴ፣ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ወንድምዎ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀትና የሲቲ ስካኑን ውጤት ይዘው ቀጠሮ ያስይዙ። ወረቀቱ ላይ ግላስጎው የሚባል ከ3 እስከ 15 የሚደርስ ነጥብ ያገኛሉ፤ የነቃበትን መጠን የሚያሳይ ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነበር ማለት ነው። ነጥቡ የወደፊቱን አይወስንም፤ ነገር ግን ለዩኒቨርሲቲው ማስረጃ ይሆናል፤ ጉዳቱ በዓይን ስለማይታይ ማስረጃው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ የሚወስደው መድኃኒት አለ? ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚጥል በሽታ እንዳይከሰት ወይም ተከስቶ ከሆነ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ይታዘዛል። በተለይ ፌኖባርቢታል ያፈዝዛል፣ ማሰብን ያዘገያል። አንዳንድ ጊዜ «አንጎሉ ተበላሸ» የምንለው ከፊሉ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቋረጥ ራሱ ከባድ የሚጥል ሕመም ያመጣል። ሐኪሙን «መጠኑ ይስተካከል ወይ? ሌላ ይቀየርለት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛውን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ዶርም ሲመለስ ለፈተና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደርና ጫት መቃም አለ። ለእሱ እንቅልፍ የሕክምናው አካል ነው። የተማረው ነገር የሚሠርፀው በእንቅልፍ ውስጥ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የሚጥለውን ሕመም ይቀሰቅሳል። መጠጥም እንዲሁ። ከተቻለ ዶርም ሳይሆን ከዘመድ ቤት ወይም ከአንድ ጸጥተኛ ጓደኛ ጋር ይኑር። ሞተር ሳይክል ላይ በፍጹም አይውጣ፤ ለመስክ ሥራ ግንባታ ቦታ ሲሄድ የራስ ቁር ያድርግ። የተጎዳ አንጎል ሁለተኛ ምት አይችልም።

ለእናትዎም አንድ ቃል አለኝ። እረፍት ያስፈልገዋል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ጠበሉም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ግን አያስተውት። ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራትና በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላም ዝግ ብሎ ለዓመታት ይቀጥላል። ስለዚህ «በዚህ ሴሚስተር ካልተመለሰ አለቀለት» የሚባል ነገር የለም።

እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ተከፍቷል፤ ሰው ከጉዳት በኋላ የዕለት ኑሮውን፣ ሥራውንና ትምህርቱን መልሶ እንዲይዝ የሚረዳ ሙያ ነው። ሐኪሙ ወደ እንደዚህ ያለ ባለሙያ እንዲልከው ይጠይቁ፤ በአቅራቢያችሁ ባይኖር እንኳ አንድ ጊዜ መታየቱ ብዙ ይጠቅማል።


ከሎስ አንጀለስ

እህቴ፣ አይዞሽ። የባለቤቴ ወንድም እዚህ ታክሲ ሲነዳ አደጋ ደርሶበት አንጎሉ ተጎዳ። እዚህ አገር ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ ክፍል አለ፤ ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ኮሌጅ ውስጥ። በዚህ በደቡብ ካሊፎርኒያ ኮስትላይን የሚባለው የሕዝብ ኮሌጅ ከ1978 ጀምሮ በአደጋ፣ በስትሮክ ወይም በዕጢ አንጎላቸው የተጎዳ አዋቂዎችን እያስተማረ ነው። ትምህርቱ ሒሳብ ወይም ታሪክ ሳይሆን ራሱ ማሰብ ነው፤ ትኩረት፣ ማስታወስ፣ ማቀድ።

የእኛ ሰው የተማረው በሌላ ቦታ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። በጣም የጠቀመው ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ሁሉም እንደ እኔ ነበሩ» አለኝ። አንድ ሰው ቃል ጠፍቶበት ሲቆም ማንም አይቸኩልበትም፤ ይጠብቁታል። ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ነውና ቤት ተቀምጦ ሰው ሲያዝንለት ከሕመሙ በላይ የሚያደቅቀው እሱ ነበር። ክፍሉ ያንን አነሣለት።

በተረፈ ለውጥ ያመጣለት አንድ ደብተር ነው። ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ቁራጭ ማስታወሻ አይደለም፤ አንድ ደብተር፣ ሁልጊዜ አብሮት ያለ። ጠዋት ይገልጠዋል፣ ማታ ያደረገውን በምልክት ይዘጋል። ስልኩ ደውሎ «ደብተሩን እይ» ይለዋል። መጀመሪያ እንደ ሽንፈት ቆጥሮት ነበር፤ «በደብተር የምኖር ሰው ሆንኩ» ይል ነበር። አሁን ግን እኛ የረሳነውን ቀጠሮ የሚያስታውሰን እሱ ነው።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ባይኖር እንኳ ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች አሰባስባችሁ በሳምንት አንድ ቀን አብረው እንዲያነቡ ማድረግ ትችላላችሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ለቀጠሮ ወረፋ የምትጠብቁት ቤተሰቦች መካከል አሉ፤ ተነጋገሩ።


እህት ከሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህርት፣ እንዳሉኝ የኢኮኖሚክሱን መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ተውሼ ሰጠሁት። ስለ ፍላጎትና አቅርቦት የሚያወራውን ሁለት ገጽ አነበበ። እንደ ዘጋው ሲነግረኝ ጥሩ ነበር፤ ልቤ ሞቀ። በማግሥቱ ጠዋት ስጠይቀው ግን ቃላቱ ሁሉ ጠፍተዋል፤ ዋጋ ሲጨምር ምን እንደሚሆን ማስረዳት አቃተው። እርሳስ ስሰጠው ወደ ታች የሚወርደውን መስመር ሣለውና እሱን እያየ «ዋጋው ሲወጣ የሚገዛው ያንሳል» አለ። ትናንት ሲያነብ ያንን ሥዕል በራሱ እጅ ገልብጦት ነበር። ቴሌቪዥን ተከፍቶ የሞከርነው ግን ምንም አልያዘም፤ አጎቴም አጠገባችን ተቀምጦ አየው። ከዚያ በኋላ «ቶሎ ይመለስ» ማለቱን ትቷል።

መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ነው፤ ቀጠሮ አስይዘናል።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወንድሜ መምህራኑ እንዲያውቁበት አይፈልግም። «አእምሮው ተነክቷል ይሉኛል» ብሎ ያፍራል። ሳይነግራቸው ደግሞ እንዴት ይዘልቃል?


የኬሚስትሪ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ሥዕሉ ትልቅ ነገር ነው! በዓይኑና በእጁ ያለፈው ነገር ይቆይለታል ማለት ነው። እንግዲህ የሚያነበው ሁሉ ሥዕል ይሁን፤ ቀስት፣ ሣጥን፣ መስመር። ምህንድስና መርጦ ነበርና ይህ የራሱ ቋንቋ ነው። ከዚያም የሣለውን ሳያይ መልሶ ይሣለው፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ማታ፣ በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ። የቆሎ ተማሪ ትናንት የተቀበለውን ቃል ሳይወጣ ወደ አዲሱ እንደማያልፍ፣ እሱም የትናንቱን ሳይወጣ አዲስ ገጽ አይግለጥ። ሲጠፋው እንዲገምት አታስገድጂው፤ ማስታወሱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው የተሳሳተውን ግምት እንደ ትክክለኛ ይይዘዋል። ደብተሩን ገልጦ አይቶ እንደገና ይዝጋው።

ስለ መናገሩ። ለሁሉም መንገር የለበትም፤ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አገልግሎት ክፍል በጽሑፍ፣ ከሐኪም ማስረጃ ጋር ቢያስገባ ይበቃል። ይህ የሚለመን ችሮታ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች በተቻለ መጠን ተጨማሪ የማጠናከሪያ ትምህርትና የፈተና ጊዜ ማራዘምን የመሳሰለ ድጋፍ እንዲደረግ ይላል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አጽድቃለች። ቢሮ ውስጥ «እግሩ ደህና፣ ዓይኑ ደህና፤ ምኑ ነው አካል ጉዳተኛ?» የሚል ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ነርሷ ያሉት ወረቀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ማመልከቻው ላይ «ታምሜ ነበር፣ ተባበሩኝ» ብቻ ብሎ አይጻፍ። የሚፈልገውን ለይቶ ይጠይቅ፦ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከአንድ ወይም ከሁለት ኮርስ በላይ እንዳይመዘገብ፤ ፈተና ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከተጨማሪ ሰዓት ጋር እንዲሰጠው፤ መምህሩ የሚያስተምርበትን ስላይድ ቀድሞ እንዲያገኝ። እንዲህ ሲጻፍ ለመፍቀድም ይቀላቸዋል፤ ምን እንደሚፈቅዱ ያውቃሉና። ከሁለቱ ኮርሶች አንዱ ሥዕልና ስሌት ያለበት ይሁን፤ በረጅም ጽሑፍ የሚፈተን ኮርስ ለሌላ ጊዜ ይቆየው።

ለእሱ ደግሞ ይህን ንገሪው። እኔ ወደ ማስተማር ስመለስ ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን ነገርኳቸው። «ጭንቅላቴ ተመትቷል፤ ሁለት ሰው ባንድ ላይ ሲናገር አልሰማም፤ ስማችሁንም ደጋግሜ እጠይቃለሁ» አልኳቸው። ክፍሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በተራ መናገር ጀመረ።

የሐኪሙ ቀጠሮ ሲደርስ ስለ መድኃኒቱ ምን እንዳሏችሁ እዚሁ ጻፊልን፤ ማመልከቻውን ረቂቅ ካዘጋጃችሁ ደግሞ ላኪልኝ፣ አይቼ አርምላችኋለሁ።